ቅሉ ውስጥ የቀረው ስንዴ

ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ወዲህ ካጋጠመኝ ነገር ሁሉ እንደ አንድ ኪሎ ስንዴ ያበገነኝ የለም።

ለክረምት እረፍት ስንበተን መምህራችን ለእያንዳንዳችን አንድ ቅጽ ሰጡን። ከየአካባቢያችን የቆየ የእህል ዘር ከነታሪኩ ይዘን እንድንመለስና በዩኒቨርሲቲው የዘር ማቆያ እንዲቀመጥ ነው። የእኔ ቤተሰብ ሸዋ ሮቢት ነው፤ ማሽላና ማሾ ከደጃችን አይጠፋም። ብልህ ተማሪ አንድ ሁለት ዛላ ማሽላ ይዞ ይገላገል ነበር። እኔ ግን መምህሩን ደስ ላሰኛቸው ብዬ «ስንዴ አመጣለሁ» አልኩ። የእናቴ አክስት ከደብረ ሲና በላይ ያርሳሉ። ጎረቤቶቻቸው ሁሉ ወደ ምርጥ ዘር ሲዞሩ እሳቸው ብቻ የድሮውን ስንዴ አልተዉም።

በሰኔ መጨረሻ ሚኒባስ ተሳፍሬ ወጣሁ።

«እትዬ፣ የስንዴ ዘር ፈልጌ ነው የመጣሁት።»

«ሳልዘራ? የራሴ ማሳ ሳይዘራ ዘር ከዚህ ቤት አይወጣም። ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ። ዝናቡ ፋታ አልሰጥ ብሎ ሦስት ቀን ሙሉ በተዋስኩት ጋቢ ተጠቅልዬ ጭቃ ሳይ ዋልኩ። በአራተኛው ቀን ተዘራ። እትዬ እጃቸውን ታጥበው ከጓዳ አንድ ትልቅ ቅል አወጡ። ውስጡ ነቀዝ እንዳይገባው አመድ የተቀላቀለበት ስንዴ ነበር።

«ይኼ መጠባበቂያዬ ነው። ማሳውን በረዶ ቢያጠፋብኝ ለከርሞ የምዘራው ሌላ የለኝም። ለትምህርት ነው ካልሽ ግማሹን ውሰጂ።»

ቅጼን አወጣሁ። «ስሙ ማን ይባላል?»

«ስንዴ።»

«እሱማ ስንዴ ነው፤ የዝርያው ስም ማለቴ ነው።»

«የኛ ስንዴ።»

«እትዬ፣ ጥቁርም ነጭም ቀይም አለበት እኮ! የትኛው ነው የእርስዎ?»

«ነገ ደግሞ ከልጆችዎ የትኛው ነው የእርስዎ ልትዪኝ ነው?» ብለው ሳቁ። «ጥቁሩ ዝናብ ሲያጥር ቶሎ ይደርሳል። ነጩ ለዳቦ ነው። ዋግ አንዱን ሲያደርቀው ሌላው ይቆምልኛል። አብረው ነው የሚዘሩት፤ ከአባቴም የተቀበልኩት እንዲሁ ነው።»

ሰማሁ። በደንብ ሰማሁ። ቅጹ ግን ለዝርያው ስም የተወው አንድ መስመር ብቻ ነው። እኔ ደግሞ መስመር ስትሰጡኝ የምሞላ ልጅ ነኝ።

ሸዋ ሮቢት ተመልሼ መጀመሪያ አመዱን ነፋሁና ደፋሁት። ከዚያ ስንዴውን ሰፌድ ላይ አፍስሼ በዚያ ሙቀት ሁለት ቀን ለቀምኩ።

«ምን እየፈለግሽ ነው?» አለች እናቴ።

«ጥቁሩን። ንጹሕ ናሙና ነው የሚፈለገው።» እንዲህ ያለኝ ሰው የለም።

«ይኼ የተረፈውስ?»

«እሱ ቅልቅሉ ነው፤ አይፈለግም።»

እናቴ ደግሞ አይፈለግም የተባለ እህል ነቀዝ እስኪበላው የምትጠብቅ ሴት አይደለችም፤ ቆላችው። ባጃጅ የሚነዳው ጎረቤታችን አንድ እፍኝ ዘግኖ «የደጋ ስንዴ ጥርስ ይሰብራል እንጂ ሲጣፍጥ!» አለ። እኔም በላሁ። እውነትም ይጣፍጥ ነበር፤ ይኼ ነው ይበልጥ የሚያናድደኝ።

ጥቁሩን በጠርሙስ አድርጌ ፎቶ አንስቼ በኩራት ለመምህሩ ላክሁላቸው። ወዲያው መልስ መጣ፦ «ጥሩ ነው። ሌሎቹስ የት አሉ? የሴትዮዋ ስንዴ ሁሉም አንድ ላይ ሲሆን ነው፤ ይኼ ከእሱ የተለቀመ ነው። ቀሪውን መልሰሽ ቀላቅይው።»

«ቀሪው ተበልቷል» ብዬ ጻፍኩ። አጠፋሁት። ደግሜ ጻፍኩ፤ ላክሁት። እትዬ በነጻ የነገሩኝን ነገር መምህሩ እስኪደግሙልኝ መጠበቄ ሲገባኝ ሰፌዱን መስበር አማረኝ። በሰፌድ መናደድ ቀላል ነው።

ለእትዬ ደወልኩ። አንዱንም አልደበቅኳቸውም።

«ቆላችሁት?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«አመዱንስ?»

«ነፍቼ ደፋሁት።»

«ጣፈጠ?» አሉኝ።

«ጣፍጧል።»

«እንግዲህ ለጤና ይሁናችሁ። የቀረኝን ግማሽ ግን አልሰጥሽም። ኅዳር ላይ ሲታጨድ መጥተሽ ከየመልኩ ራስሽ ትሰበስቢያለሽ፤ በረዶ ከማረን። ያን ጊዜ ጥቁሩን መልሺልኝ፤ እስከዚያ አመድ አድርጊበት።»

አመድ ከየት ይምጣ? እኛ ቤት የሚበስለው በኤሌክትሪክ ነው። አመድ ለመለመን ጣሳ ይዤ ሦስት ቤት ዞርኩ። በሦስተኛው ቤት «ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩሽ ይኼንን ነው?» ብለው ሳቁብኝ፤ ጣሳዬን ግን ሞሉልኝ።

አሁን ነሐሴ ነው። ከሰዓት በኋላ በደብረ ሲና በኩል ደመናው ይጠቁራል። የሰፈራችን ሰው «ዛሬ ይቀዘቅዝልናል» ብሎ ደስ ይለዋል። እኔ ማሳው ላይ በረዶ ቢወርድ ለከርሞ የሚዘራው ግማሽ ቅል ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ። ሌላውን ግማሽ ማን እንደቆረጠመውም አውቃለሁ። ስልኬን አነሳለሁ።

«እትዬ፣ ዝናብ ነው በረዶ?»

«ዝናብ ነው! አንቺ ልጅ፣ ትናንትም ጠይቀሽኛል። ተይኝ ሥራ ልሥራ።»