ለየኔታ ማረፊያ ፍለጋ፤ ከደብረ ታቦር እስከ ቃሊቲ

እኔ ማረፊያ የምመርጠው በጆሮዬ ነው። ሌላው ሰው ለሥራ ወደ ትልቅ ከተማ ሲሄድ ስለ ሙቅ ውሃው፣ ስለ ቁርሱና ስለ መስኮቱ እይታ ይጠይቃል። እኔ የምጠይቀው ጎረቤቱ ጭፈራ ቤት መሆን አለመሆኑን፣ ጄኔሬተሩ የት እንደተተከለና የላይኛው ፎቅ ሰው ወንበር የሚጎትት ዓይነት መሆኑን ነው። የድምፅ ባለሙያ ነኝ፤ ስሜ ገመቹ ይባላል። የአዳማ ልጅ ብሆንም ሥራ ደብረ ታቦር ካመጣኝ ቆይቷል።

በጥር መጨረሻ ወደ አዲስ አበባ የተጓዝኩት የየኔታ ፈንታን ዜማ ለመቅረጽ ነበር። የኔታ ከከተማው ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ጎጆ ዕድሜያቸውን ሙሉ አቋቋም ያስተማሩ መምህር ናቸው። አቋቋም መዘምራን በቀኝና በግራ ቆመው፣ በመቋሚያ፣ በጽናጽልና በከበሮ እየታጀቡ አንዱ ወገን ከሌላው እየተቀበለ የሚያዜሙት የቤተ ክርስቲያን ዜማ ነው። የየኔታ አካሄድ ለየት ያለ ነው። ከመምህራቸው በቃል የተቀበሉት ሲሆን፣ ዛሬ ከሳቸው በቀር አሟልቶ የያዘው የለም ይባላል። ደረታቸው ደግሞ ከክረምት ክረምት እየደከመ ነው። ሐኪም ትንፋሽ መቆጠብ እንዳለባቸው ነግሯቸዋል። አሁን ካልቀረጽነው ዜማው ከሳቸው ጋር ሊቀበር ነው ብዬ እንቅልፍ አጥቼ ነበር።

ስለምናቸው እምቢ ሲሉኝ ኖረው፣ ዘንድሮ ሳልጠይቃቸው ጠርተው "በል እንሂድ" አሉኝ። ምን እንደለወጣቸው አልነገሩኝም፤ እኔም ሐሳባቸውን እንዳይቀይሩ ፈርቼ አልጠየቅሁም።

አዲስ አበባ ገርጂ የሚገኝ ጥሩ ስቱዲዮ ለሁለት ቀን ተፈቀደልን። ማረፊያውንም እዚያው ሰፈር አገኘሁ፤ ግቢውን አበባ የሞላው፣ አልጋው በሌሊት ሁለት ሺህ ብር የሆነ የእንግዳ ማረፊያ ነው። ባለቤቷን በስልክ "እባክዎ መስኮቱን ከፍተው ስልኩን ወደ ውጭ ያውጡልኝ" ብያት ሳዳምጥ የሰማሁት የወፍ ድምፅ ብቻ ነበር። ሴትዮዋ እብድ ሳትለኝ አልቀረችም። እኔ ግን የየኔታን ጉሮሮ የሚያሳርፍ ቤት በማግኘቴ ኩራቴ ልክ አልነበረውም።

ቁልቁለቱ

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከመናኸሪያው ስንወጣ ሣሩ ላይ አመዳይ ነበር። የኔታ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ከሾፌሩ አጠገብ ተቀመጡ። ከኋላችን ጉና ግማሹ በደመና እንደተሸፈነ ነው። በዚህ አገር ብርድ ሳማርር የምኖር ሰው ብሆንም እንዲህ ያለውን ጠዋት ሳይ አፌን እዘጋለሁ። የገብሱ አጨዳ አልቋል፤ በየደጁ ክምር ቆሟል፤ ገበሬው ከብቱን ይዞ ወደ አውድማ ይወጣል። ፀሐይ ክምሩን ስታገኘው አካባቢው በሙሉ ቦግ ይላል።

ሚኒባሱ ዘፈኑን ለቆታል። ሾፌሩን ዝቅ እንዲያደርግልኝ ለመንኩት። ዞር ብሎ የየኔታን ጥምጥም ሲያይ ደነገጠና ዘፈኑን አጥፍቶ መዝሙር ከፈተ፤ እሱንም ከፊተኛው አብልጦ አስጮኸው። የኔታ ከጋቢያቸው ሥር ሲስቁ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ወረታ ስንደርስ ሹራቤን አወለቅሁ። የፎገራ ሜዳ እስከ ጣና ድረስ ተዘርግቶ ይታያል፤ ሩዙ ታጭዷል፤ በመንገዱ ዳርና ዳር ሽንኩርት በከረጢት ተደርድሯል። ረቡዕ ስለነበር የኔታ ከኪሳቸው ቆሎ አውጥተው አቃመሱኝ። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ በመስኮት በኩል "አባቴ፣ ገበያዬን ይባርኩልኝ" አለቻቸው። ስሟን ጠይቀው ባረኳትና "ሚዛንሽን ግን እኔ አልባርክም፤ እሱ ያንቺ ሥራ ነው" አሏት። ሴትዮዋ ከሳቋ ብዛት አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

ባሕር ዳር ገብተን በአዲሱ ድልድይ ዓባይን ተሻገርን። የኔታ ድልድዩ እስኪያልቅ ድረስ ዓይናቸውን ከውሃው አላነሱም። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ጽናጽላቸው መፈተሻው ውስጥ ሲንሿሿ ፈታሾቹ ተሰበሰቡ፤ መቋሚያው ደግሞ ከሻንጣ ጋር ካልተጫነ አይገባም ተባለ። "እኔን ካመናችሁ እሱን ምነው ፈራችሁት?" ብለው አስረከቡ። በአየር ላይ ሳለን ግን ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ጉልበታቸውን እየመቱ ያዜሙ ነበር።

ቦሌ

ወደ እንግዳ ማረፊያው የሚወስደን መኪና ልጠራ ስልኬን ሳወጣ ሁለት ሰዎች እየሮጡ መጥተው የየኔታ ጉልበት ላይ ወደቁ። መምጣታቸውን የሰሙ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ናቸው። መላከ ሰላም ጌጡ የአንድ ደብር አስተዳዳሪ ናቸው፤ አቶ አስማረ ደግሞ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ነው። ሁለቱም መኪና ይዘው መጥተዋል።

"የኔታ፣ ቤቱ ተዘጋጅቷል፤ ሌላ ቦታማ አይሆንም" አሉ መላከ ሰላም።

"ኧረ መላከ ሰላም፣ ያንጊዜ ለሕክምና ሲመጡ እርስዎ ዘንድ አልነበር ያረፉት? አሁንስ ተራው የእኔ ነው" አለ አስማረ።

እኔ ጉሮሮዬን ጠርጌ ማረፊያ መያዙን፣ ጸጥ ያለና ለስቱዲዮው ቅርብ መሆኑን አስረዳሁ። አስማረ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። "የኔታን አልቤርጎ? ምነው፣ እኛ ሞተናል?"

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። የየኔታ ተማሪ የሌለበት ሰፈር የለም። አንዱ ጋ ካደሩ ሌላው ይቀየማል፤ ሁሉም ጋ ልዙር ቢሉ ደግሞ በየቤቱ ድግስና ጨዋታ ድምፃቸው ያልቃል። እኔ የመረጥኩት ቤት ከሁሉም የከፋ ነበር፤ ሁሉንም በአንድ ላይ የሚያዋርድ። በአገራቸው ወግ ላይ ጆሮዬን ብቻ ይዤ እንደገባሁ ተሰማኝ።

የኔታ ክርክሩን ሰምተው ሲያበቁ "ሙሉቀን የት ነው?" አሉ።

ሁለቱ ተያዩ። "እሱማ... ጎማ ይጠግናል የኔታ። ቃሊቲ መንገድ ላይ" አለ አስማረ።

"እሱን አውቃለሁ። እዚያ ውሰዱኝ።"

"የኔታ፣ እሱ እኮ ከጠፋ ወዲህ ሰላም እንኳ ብሎዎት አያውቅም!" አሉ መላከ ሰላም።

"እናንተ የእኔ ናችሁ። ዛሬም መጣችሁ፣ ነገም ትመጣላችሁ። እሱ ግን ካልሄድኩበት አይመጣም።"

በመኪናው ውስጥ አስማረ ታሪኩን ነገረኝ። ሙሉቀን ከሁሉም የላቀ ድምፅ ነበረው፤ የኔታም ዜማቸውን ሊያወርሱት አስበው ነበር። አባቱ ሞቶ ታናናሾቹ እጁን ሲጠብቁ፣ አንድ ጠዋት ሳይሰናበት ጠፋ። በአብነት ትምህርት ቤት ተማሪ ከመምህሩ ሲለይ ተሰናብቶና ተመርቆ ነው የሚሄደው፤ ሳይመረቅ የሄደ ዓይነ መሬት ሆኖ፣ አፍሮና አቀርቅሮ ይኖራል። የኔታ ሳይመርቁት የሄደ ተማሪ እሱ ብቻ ነው። የኔታ በድንገት "እንሂድ" ያሉበት ምክንያት ገባኝ።

ቃሊቲ

ከተማው እንዴት ተለውጧል! የእግረኛው መንገድ ሰፍቶ፣ መብራቱ ተሰልፎ፣ በየአደባባዩ ሰው ከነልጆቹ ይንሸራሸራል። ባለማድነቅ አልበድልም። ይሁን እንጂ ወደ ቃሊቲ በቀረብን ቁጥር ጫጫታው በረታ። ተሳቢ መኪናው፣ ጥሩምባው፣ አቧራው! የሙሉቀን ቤት ከአስፋልቱ ዳር ነው። ፊት ለፊት ጎማ ተቆልሏል፤ የንፋስ መሙያው ሞተር ይንደቀደቃል፤ ከኋላ በቆርቆሮ የተሠራች መኖሪያ አለች። ሆን ብዬ ብፈልግ በከተማው ውስጥ ከዚህ የበለጠ ጫጫታ ያለው ማደሪያ አላገኝም ነበር።

ሙሉቀን በርከክ ብሎ ጎማ ያወልቃል። ቀና ሲል የኔታን አያቸው። ብረቱን ጣለና ጥቁር እጆቹን ከጀርባው ደበቀ። የኔታ በመቋሚያቸው ተደግፈው ከደጁ ቆሙ፤ ልክ በገጠር እንደሚሄድ መንገደኛም "የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ። አሳድሩኝ" አሉ።

መልስ የሰጠችው የሙሉቀን ሚስት ነበረች፤ ከውስጥ ወጥታ ማን እንደሆኑ እንኳ ሳታውቅ "ቤት የእግዚአብሔር ነው አባቴ፣ ይግቡ" አለች። ሙሉቀን ያኔ ተንበርክኮ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔም ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ።

ማልቀሱ እንዳለ ሆኖ ሥራዬን አልረሳሁም። "የኔታ፣ እዚህ ቢያድሩ ድምፅዎ ይጠፋል፤ እለምንዎታለሁ" አልኳቸው።

"አንተ የአዳማ ልጅ፣ ወፍ ያለበት ቤትህ ሄደህ እደር። ጠዋት ና።"

ሄድኩ። ማረፊያው በእርግጥም ጸጥ ያለ ነበር፤ አልጋው ምቹ፣ ሴትዮዋም ደግ። እኔ ግን ስገላበጥ አነጋሁ።

ጠዋት ቃሊቲ ስደርስ ሱቁ አልተከፈተም። ከቆርቆሮው ጀርባ ሁለት ድምፅ ይሰማል። በቀዳዳ አየሁ፤ የኔታ መቋሚያቸውን፣ ሙሉቀን የጎማ ማውለቂያውን ብረት ይዘው ትይዩ ቆመዋል።

"ጠፍቶኛል የኔታ።"

"ጀምረው። በጠፋህ ቦታ እኔ አለሁ።"

ጀመረው። ውጭ ከባድ መኪና እያጓራ ሲያልፍ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ሲርቅ ዝቅ ያደርጋል። በሕይወቴ ከሰማኋቸው ድምፆች ሁሉ ያን የመሰለ አልሰማሁም። መቅረጫዬን ከቦርሳዬ ማውጣት እንኳ አልታሰበኝም።

ገርጂ

ስቱዲዮው ውስጥ መላከ ሰላምና አስማረ በቀኝ፣ ሙሉቀን ብቻውን በግራ ቆሙ። እጁን በሳሙና ፈትጎ ቢመጣም ጥፍሩ ሥር ያለው ጥቁረት አልለቀቀውም። የኔታ መካከል ሆነው መሩ። አጀማመራቸው ግሩም ነበር። ከረጅሙ ዜማ ላይ ሲደርሱ ግን የፈራሁት ደረሰ። የቃሊቲ አቧራ ይሁን የደረታቸው ድካም፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ አለ። አፋቸው ተከፍቶ ቀረ።

ጸጥታ ሆነ። መምህር ያቆመበትን ተማሪ ደፍሮ አያነሳም። ቀኝ የቆሙት ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። እኔ የመቅረጫው ማቆሚያ ቁልፍ ላይ ጣቴን አሳርፌያለሁ። በዚያ መካከል ከግራ በኩል ሙሉቀን፣ የኔታ በለቀቁት ልክ፣ ዝቅም ከፍም ሳይል ዜማውን አነሳው። የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው እያዳመጡት ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ሲመለስላቸው ከእሱ ተቀብለው ፈጸሙት። ጣቴን ከማቆሚያው ላይ አነሳሁ።

በማግሥቱ ደግመው አዜሙት፤ ያለ አንዳች እንከን። ከመለያየታችን በፊት ሙሉቀን ራሱን ዝቅ አድርጎ ቀረበ። የኔታ ሁለት እጃቸውን አናቱ ላይ ጭነው በግእዝም በአማርኛም መረቁት። ሲጨርሱም "በል አሁን ሂድ፤ ተሰናብተኸኛል" አሉት። ዓይኑን ጠራርጎ ወደ ቃሊቲ ሄደ፤ ደንበኞች እየጠበቁት ነበር።

ወደ ቤት

በመጣንበት ተመለስን። የወረታን ዳገት ስንወጣ ሹራቤን መልሼ ለበስኩ። ብርዱ አፍንጫዬን ሲነካው፣ እንደ እውነቱ ከሆነ፣ ደስ አለኝ።

ይህ ጉዞ ካስተማረኝ አንዱ ለሥራ የሚሄድ ሰው ማረፊያ ሲመርጥ የክፍሉን ጸጥታ ብቻ ማዳመጥ እንደሌለበት ነው። እኔ የኔታን የሚያሳርፍ ቤት ስፈልግ እሳቸው የሚያሳርፉትን ሰው ይፈልጉ ነበር። ለዚህ ዓይነት ምርጫ ጆሮዬ ገና ብዙ ይቀረዋል።

ቀረጻውን አዘጋጅቼ ወደ ጎጇቸው ስሄድ ተማሪዎቻቸው ለትምህርት በቀኝና በግራ ቆመው አገኘኋቸው። "የኔታ፣ ሁለት ቀረጻ አለን" አልኳቸው። "የመጀመሪያው ትንፋሽ ያጠረዎት ነው። ሁለተኛው ንጹሕ ነው፤ እሱን ላሰማቸው፤ የሚቀመጠውም እሱ ይሁን።"

"ያቆምኩበትን አሰማቸው።"

"የኔታ፣ ያኛው እኮ—"

"ሁለተኛውን ቢሰሙ 'ፈንታ ጎበዝ ነበር' ይላሉ። ፈንታ ሲያቆም ዜማው እንደማያቆም ይስሙ።"

ከፈትኩላቸው። የየኔታ ድምፅ ጎጆዋን ሞላት። ረጅሙ ዜማ ላይ ደረሰና ተቆረጠ። ጸጥታው መጣ። የሙሉቀን ድምፅ ከመምጣቱ በፊት በግራ የቆሙት ተማሪዎች፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ዜማውን አነሱት።