ከክመር ድንጋዮች ጋር ያረፈደች ሐሙስ

ዛሬ ቁርስ ላይ ሳለሁ ስልኬ ጢን አለች። የአብሮ አደጌን የግርማን ሞት የሚነግር መልእክት ነው፤ ከሥሩ የሚያለቅሱ ትንንሽ ፊቶች ተደርድረዋል። ወይ ዘመን! መርዶ እንዲህ ሆኖ ቀረ? እትዬ ወርቄ ትዝ አሉኝ።

በደርግ ጊዜ፣ ጎረምሳ የእርሻ ባለሙያ ሳለሁ፣ ለአጭር ሥልጠና ሮም ተልኬ ነበር። እናቴን አዲስ አበባ ታማ ነው ትቻት የሄድኩት። ሳልመለስ ምን ትሆንብኝ ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። ያረፍኩት ካስትሮ ፕሬቶሪዮ በሚባል ሰፈር፣ የሰው ቤት ተመላላሽ ሠራተኛ ከነበሩት ከአክስቴ ልጅ ከእትዬ ወርቄ ዘንድ ነው።

አንድ ሐሙስ ማለዳ፣ "ተነስ፣ ሙዚየም ላሳይህ" አሉኝ። ከቤተ ክርስቲያንና ከፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ በቀር የትም የማይሄዱ ሴት! ወቅቱ መጸው ነበርና መንገድ ላይ የሚጠበሰውን፣ ካስታኛ የሚሉትን የዛፍ ፍሬ ገዝተው ኪሴን ሞሉልኝ። ስኳር ድንች ስኳር ድንች ይላል። "ብላ እንጂ" ይሉኛል በየእርምጃው።

ሙዚየሙ ውስጥ ያየነው የክመሮች ጥበብ ነው፤ ከካምቦዲያ የመጣ ድንጋይ። ያገሩ ሰው በዚያ ሰሞን እንደኛው መከራ ላይ እንደነበር በሬዲዮ ሰምቻለሁ። ክንድ የሌላቸውን አማልክት አልፈን አንዲት ምስል ፊት ቆምን። ዓይኗን ጨፍና፣ ከንፈሯን ገጥማ ፈገግ ብላለች። ቅዳሴ መሀል ሳቅ የሚያመልጣትን እናቴን ቁርጥ! ይህንኑ ነገርኳቸው። እትዬ ወርቄ ፊታቸውን በሻርፓቸው ሸፈኑ።

"እትዬ፣ ድንጋይም ያስለቅስዎታል እንዴ?" ብዬ ቀለድኩ።

"እግሬን አሞኝ ነው። አሎራ፣ በል አንተ እይ። ደህና አድርገህ እያት።"

እንሂድ ብላቸው እንደገና አዞሩኝ። ከቀትር በኋላ ቤት ስንደርስ ጠባቧ ክፍል ጥቁር በለበሱ ሐበሾች ሞልታለች። ሳይናገሩ ገባኝ። 

መርዶ ባገራችን ሲነጋ፣ ሰው ተሰብስቦ ነው የሚነገረው። ሮም ላይ ግን አብረውኝ የሚያለቅሱት የሰው ቤት ሠራተኞች ዕረፍት የሚያገኙት ሐሙስ ከሰዓት ነው። እትዬ ወርቄ ቀደም ብለው የሰሙትን በሆዳቸው ይዘው እየሳቁ አበሉኝ።

"ብቻህን እንዳታለቅስ ብዬ ነው" አሉኝ፣ አንገቴን አቅፈው።

ያችን ጠዋት እስከዛሬ እወዳታለሁ። እናቴ እኔ ዘንድ አንድ ጠዋት ተጨምሮላት ኖረች።

ቁርሴን ትቼ ተሾመ ዘንድ ደወልኩ፤ ከግርማ ጋር ሦስታችንም አብረን ነው ያደግነው። የሱ ስልክ የድሮ ስለሆነ መልእክቱን አላየም። ልጆቹ ከሥራ የሚሰበሰቡት ከሰዓት በኋላ ነው።

"ልብስህን ልበስ፣ ወጣ ብለን ፀሐይ እንሙቅ" አልኩት።

ኪሴን ቆሎ ሞልቼ ወጣሁ።