በግማሽ ከንፈር የተጠጣ ጽዋ

ፊዚዮቴራፒስት ሆኜ ወረታ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ክረምት ነበር። ሜዳው ውሃ፣ ሰማዩም ውሃ፤ ሁለቱ የት እንደሚገናኙ የሚያውቀው ሽመላ ብቻ ነው። ትንኙንስ አልነግራችሁም፤ አንዱን ዶሮ መስሎኝ እሽ ብዬዋለሁ።

አለቃዬ ሲስተር አበባ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና፣ «ዋና ትችላለህ?» አለችኝ።

«ለምን?»

«በሽተኞችህ ከውሃው ማዶ ናቸው።»

ሥራዬ ትልቅ ከተማ ሄደው ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው የተመለሱትን ቤታቸው ድረስ እየሄድኩ ማየትና ሰውነታቸውን ማሠራት ነበር። ከእነሱ አንዱ ወደ ይፋግ በሚወስደው መንገድ ዳር ሩዝ የሚያርሱት አያ ይርጋ ናቸው። ከራስ ቅላቸው ሥር፣ በግራ ጆሯቸው በኩል የበቀለ ዕጢ ወጥቶላቸዋል። ሕይወታቸው ተርፏል። ግራ ጆሯቸው ግን መስማት አቁሟል፤ የፊት ነርቫቸው ተጎድቶ ግራ ጉንጫቸው ዘሟል፤ ግራ ዓይናቸውም አልከደን ብሏል።

ማታ ማታ ባለቤታቸው ጥሩወርቅ ዓይናቸውን ቅባት ቀብታ በፕላስተር ታሽገዋለች። ፕላስተሩ ሲላቀቅ አንድ ዓይናቸውን ገልጠው ያንኮራፋሉ። በዚያ ዓመት ከፎገራ እስከ ጎንደር ሌባ የጠፋው በሌላ በምንም አይደለም።

በየሳምንቱ እየሄድኩ፣ ሚዛናቸው እንዲመለስ በማሳው ጠርዝ ላይ አስኬዳቸዋለሁ። ውሃው ግራና ቀኝ ደመናውን አቅፎ ተኝቷል። ከኋላ ሆኜ ሳያቸው ሰማይ ላይ የሚራመዱ ይመስሉኝ ነበር፤ እኔም ተከትያቸው እንደምሄድ እረሳለሁ።

«ራስዎን ያምዎታል?»

«የለም።»

«ያዞርዎታል?»

«ውሃውን ሳይ ብቻ።»

«እንቅልፍስ?»

«በአንድ ዓይን።»

ሲስተር አበባ ይህን ስትሰማ፣ «ደህና ናቸዋ፤ ሌላ በሽተኛ ያዝ» አለችኝ።

ልሰናበታቸው የሄድኩ ዕለት ጥሩወርቅ ደጅ ላይ ያዘችኝ። «ዶክተር፣ ማኅበሩን ሊተወው ነው።» እዚያ አገር ነጭ ልብስ የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው። «የሚካኤልን ማኅበር። ከአባቱ የወረሰውን።»

ነገሩን የነገረችኝ እሷ ናት። ማኅበርተኛው በየወሩ ይሰበሰባል፤ ጽዋው በጠላ ተሞልቶ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ተረኛው ጽዋውን ቤቱ ወስዶ የሚቀጥለውን ወር ይደግሳል። አያ ይርጋ ከሕክምና ተመልሰው መጀመሪያ የጠጡ ዕለት ጠላው በግራ ከንፈራቸው ወርዶ ጋቢያቸውን አራሰው፤ በቄሱ ፊት። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻል ነበር። ከዚያ ወዲህ ሄደው አያውቁም። አሁን ጽዋውን የመውሰድ ተራቸው ደርሷል፤ እሳቸው ግን ቦታቸውን ለወንድማቸው ሊለቁ ነው።

«ድኛለሁ አልኩህ እኮ» አሉኝ አያ ይርጋ ስጠይቃቸው፣ ፊታቸውን ወደ ሩዙ አዙረው። «ለማረስ ግማሽ ፊት ይበቃል። በሬ ፊት አያይ።»

«ለጽዋስ?»

«እሱ በሰው ፊት ነው የሚጠጣ።»

ሲስተር አበባን ጥቂት ሳምንት ጨምሪልኝ አልኳት።

«ምን ልታስተምራቸው?»

«ጠላ መጠጣት።»

«ለዚህስ ካንተ የተሻለ ሰው የለንም፤ ሂድ።»

መጀመሪያ በማንኪያ ውሃ እየሰጠሁ ትን እንደማይላቸው አረጋገጥኩ። ከዚያ ማሳው ዳር ተቀመጥን፤ እሳቸው ጣሳ ይዘው፣ እኔም ጣሳ ይዤ። አገጭ ወደ ደረት ዝቅ፣ ራስ ወደ ቀኝ ዘንበል፣ የግራውን ከንፈር ጥግ በጣት ያዝ፣ በቀኝ በኩል በትንሹ ጎንጨት። ፈሰሰ። እንደገና ፈሰሰ። የዚያን ዓመት ሩዝ ዝናብ አበቀለው የሚል ካለ አትመኑት፤ ያጠጣነው እኛ ነን።

«አንተ ሰውዬ፣ ያንተም እየፈሰሰ ነው እኮ» አሉኝ አንድ ቀን።

«እኔ ሳቅ ይዞኝ ነው።»

«እኔም እንደሱ እላለኋ።»

የማኅበሩ ዕለት በእንግድነት ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ሩዙ አሽቷል፤ በበሩ በኩል ሜዳው ወርቃማ ጭጋግ ውስጥ ሲንሳፈፍ ይታያል። ጽዋው እየዞረ መጣ። አያ ይርጋ ዘንበል አሉ፤ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ፤ ጎንጨት አሉ። አንዲት ጠብታ አመለጠች፤ አገጫቸው ላይ ተንጠልጥላ ቆየችና ወደቀች።

«ይቺ የመሬቱ ድርሻ ናት» አሉ።

መጀመሪያ የሳቁት ቄሱ ናቸው። ከዚያ ቤቱ ሁሉ ሳቀ። አያ ይርጋም በግማሽ ፊታቸው ሳቁ፤ ጽዋውን በጋቢያቸው አቅፈው፣ ጭጋጉን ሰንጥቀው ወደ ቤታቸው ወሰዱት።

በወሩ እሳቸው ሲደግሱ የጥጃ ራስ የሚያክል ጉርሻ አጎረሱኝ። ሁለቱም ጉንጬ ደህና ነው፤ ግን ፈሰሰብኝ።

ዛሬ አዲስ ለሚቀጠሩ ባልደረቦቼ የምነግራቸው ይህንን ነው። ዕጢው ወጥቶለት የተመለሰን ሰው ስለ ራስ ምታቱና ስለ እንቅልፉ ጠይቁት። ከዚያ የት መሄድ እንዳቆመ ጠይቁት።