ቀይ መብራት ላይ የቆመው ሯጭ

ባሌ ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ነጂ ነው። ነጂ ስል መሪ ላይ ሲቀመጥ ብቻ አይደለም፤ ገበያ አብረን ስንሄድ እንኳ መታጠፊያ ላይ ቆም ብሎ ግራ ቀኙን ካላየ ንቅንቅ አይልም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ደንበኛ "ዛሬውኑ አድርሺልኝ" እያለ በር ላይ ስለሚቆምብኝ ዝግታ አንጀቴን ያሳርረዋል።

ባለፈው ክረምት እየነዳ ሳለ ልቡ ደከመበት። አውቶቡሱን ጥግ አስይዞ፣ ሰዉን በሙሉ አውርዶ፣ ከዚያ ነው የወደቀው። ታክሞ ዳነ። ሐኪሙም "መንዳት ትችላለህ" አለው፣ መሥሪያ ቤቱም ና አለው፤ እሱ ግን ፈራ። ቢሮ ቁጭ ብሎ ስልክ ማንሳት ጀመረ። ቤት ሲገባ ወሬ አጥቶ ግድግዳ ያያል። አንድ ቀን ድንገት "የአምስት ኪሎ ሜትሩን ሩጫ እሮጣለሁ" አለኝ። "የመድረሻው ጨርቅ ሳይወርድ ከገባሁ ወደ መሪዬ እመለሳለሁ። ካልገባሁ ስልኬን እያነሳሁ ጡረታ እወጣለሁ።"

ሮጦ አያውቅም፤ ብቻውን እንዴት ልልቀቀው? ጫማ ተውሼ አብሬው ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር እዚያው ቢሮ ቢቀመጥልኝ ደስታዬ ነው። ቢያንስ በሕይወት ይገባልኛል።

ገና ትንሽ እንደሮጥን መስቀለኛ መንገድ ላይ ቀጥ አለ።

"ምን ሆንክ? ልብህ ነው?" አልኩት፤ የእኔው ልብ ሊወጣ ደርሶ።

"ቀይ ነው" አለኝ።

ቀና ብል እውነትም የትራፊክ መብራቱ ቀይ ነው። መንገዱ ለመኪና ከተዘጋ ቆይቷል፣ ብስክሌት እንኳ የለም። ሯጩ በግራም በቀኝም እያለፈን ይሄዳል።

"አንተ ሰውዬ፣ መኪና የለም እኮ።"

"መብራቱ አለ።"

ደሜ ፈላ። አንዷ ወጣት ስታልፍ "አባባ፣ ቤንዚን አለቀብዎት?" ብላ ሳቀች፤ እሱ ጭራሽ ፈገግ አለላት። አረንጓዴ ሲበራ ተነሳ። ሁለተኛውም መብራት ቀይ ሆኖ ጠበቀን፤ አሁንም ቆመ። ደግሞ ሰው ሊቀድም ሲል በእጁ ምልክት ያሳያል፣ ፌርማታ ጋ ሲደርስ ይቀዘቅዛል። ፍጠን ስለው "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ይለኛል። እኛ ያፈሰስነውን ጊዜ ማን ሊለቅምልን ነው?

መድረሻው ከሩቅ ሲታይ ግን ጣጣው በእኔ መጣ። ጎኔን ውጋት ቀስፎ ያዘኝና መንገዱ ጠርዝ ላይ ዘጭ አልኩ። ወዲያ ማዶ ሰዎች መሰላል አቁመው የመድረሻውን ጨርቅ መፍታት ጀምረዋል። እሱ ትንፋሹ እንኳ አልተቆራረጠም።

"ሂድ" አልኩት። "ሊያወርዱት ነው፤ ጥለኸኝ ሂድ።"

"ተሳፋሪ ጥዬ አልሄድም" ብሎ አጠገቤ ቆመ።

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ምንም ማድረግ አይጠበቅብኝም። ትንሽ ቁጭ ብል ጨርቁ ይወርዳል፣ ባሌ ቢሮ ይቀራል፣ እኔም በር በር ማየት እተዋለሁ። ቀና ብዬ አየሁት። መድረሻውን ዞር ብሎም አላየው፤ እኔን ነው የሚያየው። አንዴ እንኳ ፍጠኚ አላለኝም። ይኼ ሰው ገደለኝ።

"እጅህን አምጣ" አልኩትና ተነሳሁ።

የጨርቁ አንድ ጫፍ ወርዶ ነበር፤ በሌላው ጫፍ በኩል ገባን። በማግስቱ፣ ከስቶ ስለሰፋው፣ የደንብ ልብሱን ሱሪ ማሽን ላይ አድርጌ አጠበብኩለት። ስሰፋው አለቀስኩ።