መዛኙን ማን ይመዝነው

ከተማዋ ውስጥ የሁሉንም ሰው ኪሎ የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር፤ እሱም ለማንም ትንፍሽ አይልም። የባንኩን ሥራ አስኪያጅ ቦርጭ፣ የዳኛውን ሚስት፣ አዋላጇን፣ ሁሉንም በቁጥር ያውቃቸዋል። ሰዉ «ጋሽ ሚዛን» ይለዋል። አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው መዝኗል።

ነገሩ ቀልድ አይደለም። ያኔ አውሮፕላን የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነበር። እሷም አሥራ ሁለት ሰው የምትይዝ፣ ሞተሯ ሲነሳ እንደ አሮጌ ወፍጮ የምትንተከተክ ትንሽ ነገር ናት። ሻንጣውን ብቻ ሳይሆን ባለ ሻንጣውንም ካልመዘኑላት ከመሬት ንቅንቅ አትልም። መንገደኛው ከነጓዙ ሚዛኑ ላይ ይወጣል፤ መዛኙ ቁጥሩን አንብቦ የጭነት ወረቀቱ ላይ ይጽፋል፤ አብራሪው ወረቀቱን አይቶ ማን የት እንደሚቀመጥ ይወስናል። ከባዱ ወደ መሀል፣ ቀላሉ ወደ ኋላ። ለሚዛን ሲባል ባልና ሚስት የሚለያዩበት ጊዜ ነበር፤ ደስ ብሏቸው የሚለያዩም አልጠፉም።

የሚዛኑ ፊት ወደ መዛኙ የዞረ ነው። ያዞረው ራሱ ነው። በተቀጠረ በመጀመሪያው ዓመት የአንዲት መምህርት ኪሎ ጮክ ብሎ አንብቦ ሻንጣ ጫኞቹ ሲስቁባት፣ መምህርቷ እያለቀሰች ጉዞዋን ትታ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ከዚያ ቀን ወዲህ ቁጥር ከአፉ አልወጣም። «ጋሽ ሚዛን፣ ስንት ሆንኩ?» ብለው ቢለማመጡትም መልሱ አንድ ነው። «ልክ ነሽ» ይላል፤ ለወንዱም «ልክ ነህ»። ወረቀቱን ደግሞ እጥፍ አድርጎ ደረት ኪሱ ውስጥ ይከታል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እያሉ ያሾፉበት ነበር፤ ከተማው ግን አመነው።

ቁጥር የሚናገረው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ለሚስቱ። «ለሌላው ልክ ነሽ በል፤ ለእኔ ግን ኪሎዬን ትነግረኛለህ» ብላ ገና በሙሽርነቷ ወስናለች። ምሳውን ይዛለት ስትመጣ ሚዛኑ ላይ ትወጣለች፣ ትወርዳለች፣ ከዚያ «ተራው ያንተ ነው» ብላ ገፍታ ታወጣዋለች። ዞራ ታነባለች። «ሰባ አንድ! ወፍረሃል አንተ ሰው፣ ነገ ምሳ የለም» ትላለች። በማግስቱ ግን ምሳው ይመጣል።

ስትታመም በትልቁ ከተማ ወዳለው ሆስፒታል የምትሄደው በዚያችው አውሮፕላን ነበር። በአንድ ዓመት አራት ጊዜ ሄደች። በመጀመሪያው ጉዞ ሚዛኑ ስልሳ አንድ አለ፤ መዛኙም «ስልሳ አንድ» አላት። በሁለተኛው ሃምሳ ስምንት ሆነ። ቁጥሩን ደግሞ አነበበውና «ስልሳ አንድ፣ ያው ነሽ» አላት። በሦስተኛው ሃምሳ ሦስት ሲሆን «ስልሳ፤ ካፖርትሽን ስላወለቅሽ ነው» አለ። በአራተኛው አርባ ዘጠኝ ነበረች። «ስልሳ» አላት። ሚስቱ ዓይን ዓይኑን አየችው፤ «እሰይ» ብላ ወረደች።

ወረቀቱ ላይ ግን የጻፈው እውነቱን ነው። በአውሮፕላን ክብደት አይዋሽም፤ ሰው ያልቃል። ለማያውቀው አብራሪ እውነቱን እየሰጠ፣ ለሚስቱ ውሸቱን ሰጣት። ከአራተኛው ጉዞ አልተመለሰችም።

አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። ከለቅሶው በኋላ መሳቢያውን ስታጸዳ የጭነት ወረቀቶቹን ቅጂ አገኘች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ይሄኛው እውነት ግን ሳያድር ነው የጠራው።

«ታውቅ ነበር!» አለችው። «እያለቀች እንደሆነ ከሐኪሞቹ በፊት ታውቅ ነበር። እኔን እንኳ ብትነግረኝ አብሬያት አልሄድም ነበር? አብሬያት አላድርም ነበር?»

በሦስተኛው ሳምንት ልጅቱ የእናቷን የእጅ ቦርሳ አንጠልጥላ ሚዛኑ ላይ ወጣች። ሃምሳ ሰባት። «ልክ ነሽ» አላት፤ አፉ የለመደው እሱን ብቻ ነው። አውሮፕላኑ ላይ ወጥታ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት አለፈ፤ ስልክ በዓመት ሁለቴ፣ «ደህና ነህ?» «ደህና ነኝ»፣ በቃ።

በዚህ መሀል አየር መንገዱ አደገ። እድገትን የሚጠላ የለም፤ ማረፊያው አስፋልት ሲለብስ ከሁሉም በላይ ያጨበጨበው መዛኙ ነው። ስልሳ ሰው የሚይዘው መጣ፣ ቀጥሎ ጄቱ መጣ፣ በሳምንት ሁለቴ የነበረው በቀን ሦስቴ ሆነ። የመስታወት ተርሚናል ተሠራ፤ ውስጡ ሻንጣ ብቻውን የሚሄድበት ቀበቶ ገባ። ሰው መመዘን ቀረ። አሁን ኮምፒውተሩ አዋቂውን ሁሉ በአንድ አማካይ ኪሎ ይደምረዋል፤ የባንኩ ሥራ አስኪያጅና አጥንቷ የወጣው አሮጊት እኩል ሆኑ። ሚዛኑ ከተርሚናሉ ጀርባ ወዳለው አሮጌ መጋዘን ተገፋ። መዛኙ የሻንጣ ቁጥር የተጻፈበትን ወረቀት እስከ አውሮፕላኑ ደረጃ ግርጌ የሚያደርስ ሆነ። ከደረጃው በላይ የመውጣት ፈቃድ የለውም።

ድሮ በሳምንት ሃያ አራት ሰው ያያል፤ ሃያ አራቱም በስሙ ጠርተው ሰላም ይሉታል። አሁን በቀን ስድስት መቶ ሰው በአጠገቡ ያልፋል። አንድ ቀን ከመካከላቸው አንዱ ቆሞ «ሽንት ቤቱ የት ነው?» ብሎ ጠየቀው፤ በዚያ ሳምንት ከመንገደኛ ጋር ያወራው እሱን ብቻ ነበር። ቤቱም ሁለት ክፍል ነው፤ ከድስቱ ቆሞ ይጎርስና፣ አንዳንዴም ሳይጎርስ፣ ይተኛል። ቀበቶው ላይ በምስማር ሦስት አዲስ ቀዳዳ በስቷል። የሥራ ባልደረቦቹ ሲያዩት «ቆዳው ሰፍቶ ነው» ይላቸዋል።

እንዲህ እያለ አንድ ሰኞ ስልኩ ጮኸ። የልጁ መልእክት ነው። «አባዬ፣ ሐሙስ ለሥራ በእናንተ በኩል አልፋለሁ። አውሮፕላኑ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ይቆማል። የምሰጥህ ነገር አለኝ፤ ግን አላፊ መንገደኛ አይወርድም ብለውኛል።»

ዘጠኝ ዓመት የጠበቃት ልጅ ደረጃው አናት ድረስ ልትመጣ ነው። የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ፊቷን አይቶ «በድዬሻለሁ» ማለት። በድሮዋ አውሮፕላን ቢሆን ሁሉም ወርዶ እንደገና ስለሚመዘን ልጁ በግዷ ፊቱ ትቆም ነበር። ይሄ ሐሳብ ሲያብሰለስለው አደረና ማክሰኞ ጠዋት ወጣቷ የጣቢያ ኃላፊ ቢሮ ገባ።

«የሐሙሱ በረራ ክብደት ያጠራጥራል» አለ፣ ፊቱን ኮስተር አድርጎ። «አላፊዎቹ ወርደው ቢመዘኑ ጥሩ ነው። ሚዛኑን ዘይት ቀብቼዋለሁ።»

ኃላፊዋ ሳቀች። «ጋሽ ሚዛን፣ ሐሙስ ገና አልደረሰም እኮ። ክብደቱን ከየት አወቁት?»

መዛኙ በዕድሜው አንዴ ብቻ በአውሮፕላን ክብደት ሊዋሽ ሞከረ፤ እሱንም አልቻለበትም። ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ።

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ጄቱ አረፈ። መዛኙ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ጺሙን ተላጭቶ ደረጃው ግርጌ ቆሟል። ወራጆቹ ወረዱ። ከዚያ በሩ ላይ አንዲት ሞላ ያለች ሴት ብቅ አለች። አስተናጋጇ ክንዷን ያዝ አድርጋ «ከዚህ አይለፉ» አለቻት። ልጁ ናት። በመካከላቸው አሥራ ስምንት ደረጃ አለ፤ የሞተሩ ጩኸት ደግሞ ጆሮ ይበጥሳል።

ልጅቱ ለአስተናጋጇ አንድ ነገር ሰጠቻት፤ አስተናጋጇም ወርዳ መዛኙ እጅ ላይ አኖረችው። የሆስፒታል ካርድ ነው፤ የእጥፋቱ ጠርዝ ተበልቷል። ከካርዱ ጋር የልጁ ብጣሽ ወረቀት አለ። «ቦርሳውን ላሰፋ ስሰጥ ሰፊው ከገበሩ ውስጥ አገኘው» ይላል።

ካርዱ ላይ ነርሶቹ የጻፉት አራት ቁጥር አለ፤ ስልሳ አንድ፣ ሃምሳ ስምንት፣ ሃምሳ ሦስት፣ አርባ ዘጠኝ። በእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ ሚስቱ በእርሳስ ሌላ ጽፋለች፤ ስልሳ አንድ፣ ስልሳ አንድ፣ ስልሳ፣ ስልሳ። እሱ የነገራትን ነው። ከሥሩ አንዲት መስመር አለች፤ «እኔም አልነገርኩትም» ትላለች።

መዛኙ እንባው ዱብ ዱብ አለ። ቀና ሲል ልጁም ዓይኗን በመዳፏ ትጠርጋለች።

«በድዬሻለሁ!» ብሎ ጮኸ። ሞተሩ ዋጠው። ልጅቱ እጇን ጆሮዋ ላይ አደረገች። ያን ጊዜ ከሠላሳ ዓመት በላይ ዘግቶት የኖረው አፉ ተከፈተ፤ ሻንጣ ጫኞቹ፣ ነዳጅ ቀጂው፣ አስተናጋጇ እየሰሙት «አርባ ዘጠኝ ነበረች!» አለ። «አርባ ዘጠኝ! አውቅ ነበር! ለአንቺ መንገር ነበረብኝ!»

ልጅቱ ሰማች። እሺ በሚል ራሷን ነቀነቀች። አስተናጋጇ ሰዓቷን እያየች ወደ በሩ ስትመልሳት፣ ልጅቱ ዞር ብላ አባቷን ከላይ እስከ ታች አየችው፤ ባርኔጣውን፣ አንገቱ ላይ የሰፋውን ኮሌታ፣ ትርፉ የተንጠለጠለውን ቀበቶ። ፊቷ ተለወጠ።

«አባዬ!» አለች። «አንተስ? አንተ ስንት ነህ?»

ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም።

«አላውቅም!»

«ተመዘንና ጻፍልኝ! እንዳትጨምርበት!»

በሩ ተዘጋ። ጄቱ ተንደርድሮ ተነሳ፤ አቧራው እስኪረጋ ድረስ መዛኙ ከቆመበት አልተነቃነቀም። ከዚያ ከተርሚናሉ ጀርባ ዞሮ የመጋዘኑን በር ከፈተ። ማክሰኞ የቀባው ዘይት ይሸታል። ባርኔጣውን አወለቀ፣ ጫማውን አወለቀ፣ ሚዛኑ ላይ ወጣ። ዞሮ የሚያነብለት ስለሌለ ምሰሶውን ይዞ አንገቱን አሰገገ።

ሃምሳ ሁለት።

ሚዛኑ ተሳስቶ እንደሆነ ብሎ ወርዶ እንደገና ወጣ። ሃምሳ ሁለት ነው። ስልኩን አውጥቶ «ስልሳ» ብሎ ጽፎ አጠፋው። ከዚያ «ሃምሳ ሁለት። አልጨመርኩበትም» ብሎ ላከ።

መልእክቱ አልደረሰም፤ ልጁ ገና ሰማይ ላይ ናት። መዛኙ ከሚዛኑ ሳይወርድ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ መጠበቅ ጀመረ።