ለዘንዶው የቆምኩ ዕለት

ሰሞኑን ሞጣ፣ መሥሪያ ቤታችን ውስጥ፣ አንድ ባልደረባዬ ከስልኩ ላይ ዜና እያነበበ ጭራቅና አስማት ያለበት ፊልም ለትልቁ ሽልማት ታጨ ሲል ክፍሉ በሳቅ ሞላ፤ «ለተረት የአልባሳት ሽልማት መች አነሰው!» አለ። እንደ ልማዴ አንገቴን ደፋሁ፤ ጆሮዬ ግን ጋለ፤ ሳቁን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁና።

ቢቸና ሳለን የእናቴ ወንድም አለኸኝ ቪዲዮ ቤት ነበረው፤ መስኮቱ በጆንያ የተጋረደ፣ አግዳሚው ያልተላገ ባሕር ዛፍ ስለሆነ ቀሚስ የሚቦጭቅ፣ እርጥብ ጭቃና የተቆላ ሽምብራ የሚሸት አንድ ክፍል። ፊልሙን ፊት ለፊት ቆሞ የሚተረጉመው ራሱ አጎቴ ስለነበር የፈረንጅ ንጉሥ ሁሉ በእሱ አፍ ጎጃሜ ነበር፤ ክንፋሙ ዘንዶ እንኳ እሳት ከመትፋቱ በፊት «ወግድ ብያለሁ!» ይል ነበር። ያንን ዘንዶ እወደው ነበር። ሰው ፊት ድምፅዋ ለማይወጣ ልጅ፣ አፉን በከፈተ ቁጥር እሳት የሚወጣው ፍጡር የቅርብ ዘመድ ነው።

ጳጉሜ ላይ አጎቴ የዓመቱን ምርጥ ፊልም ያስመርጥ ነበር፤ ያሸነፈው ለእንቁጣጣሽ በነፃ ይታያል። ደንቡ እንደ ጥንቱ ሙግት ነው፤ እያንዳንዱ ፊልም ተነሥቶ የሚከራከርለት ዋስ ያስፈልገዋል፣ ዋስ ያጣ ይሰረዛል። በዚያ ዓመት አባቴ ወደ ሞጣ ተዛውሮ ስለነበር በእንቁጣጣሽ ማግስት ልንሄድ ነው፤ ዘንዶውን ዳግመኛ የማየው ካሸነፈ ብቻ ነበር።

ሽማግሌው ልብስ ሰፊ አያ ይትባረክ፣ ሜትራቸውን ከአንገታቸው ሳያወርዱ፣ እናት የጠፋ ልጇን ስትፈልግ ለምታስለቅስበት ፊልም ዋስ ሆነው ቆሙ።

«ለዘንዶውስ?» አለ አጎቴ።

ዓመቱን ሙሉ አፉን ከፍቶ ሲያየው የከረመ ሕዝብ ጫማውን ማየት ጀመረ። እኔ ተነሣሁ።

«አይ ልጄ!» አሉ አያ ይትባረክ። «ሰው የሚያለቅሰው በእውነት ነው። ለመሆኑ ዘንዶ የት አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ፣ አያ። ከጊዮርጊስ ፈረስ ሥር።»

አያ ይትባረክ ግን በዋዛ የሚረቱ ሰው አልነበሩም።

«እሱንማ ጊዮርጊስ ገደለው እኮ!»

አግዳሚው እስኪነቃነቅ ተሳቀ። እንባዬ መጣ፣ መቀመጥም አማረኝ፤ ድምፄ ግን ከየት እንደመጣ ሳላውቅ ወጣ።

«ከገደለው፣ ነበራ!»

ጭብጨባው የጣሪያውን ቆርቆሮ አንኳኳው። አያ ይትባረክ እንኳ ሜትራቸውን አውርደው፣ «ረታችኝ» ብለው ተቀመጡ። አጎቴ እጅ አስነሥቶ ሲቆጥር ግን ያ ሁሉ ያጨበጨበልኝ ሰው እጁን ያነሣው ለለቅሶው ፊልም ነበር። «ምን ላድርግልሽ፣ ሙግቱን ረትተሻል፤ ግን ተረት ነዋ!» አለኝ አጎቴ፣ እያፈረ። እንቁጣጣሽ ዕለት ቢቸና በነፃ ሲያለቅስ እኔ ቤት ውስጥ ዕቃ ስጠቀልል ዋልኩ።

ዛሬ ያ ቤት የስልክ ሽፋን ይሸጥበታል። ፊልሙ አልጠፋም፣ ሲያሻኝ ከኪሴ አውጥቼ አየዋለሁ። የጠፋው፣ አንድን ነገር ወደድኩ ለማለት ሰው ፊት በሁለት እግር መቆም ግድ የሆነበት ያ ክፍል ነው፤ አሁን አውራ ጣት ይበቃል። ዩኒቨርሲቲ ገብቼም፣ ሥራ ይዤም የተረዳሁት ሸላሚ ሁሉ የቢቸና ሰው መሆኑን ነው፤ በዘንዶው ሲደነቅ ይከርምና ዋንጫውን ላስለቀሰው ይሰጣል። ይስጥ። እኔ ያን ዕለት ተሸነፍኩ እንጂ አልተቀመጥኩም።