የዶሪን ጣሪያ መተንፈስ ጀመረ

ዶሪን ክላፍ በእንግሊዟ ቶድሞርደን ከተማ ሃያ ስምንት ዓመት አውቶቡስ ነድታ ጡረታ የወጣች ጎረቤታችን ናት። ቤቶቻችን ከመቶ ዓመት በፊት በአንድ ረድፍ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘው የተሠሩ ናቸው፤ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው «ይማርህ» ይላል።

ባለፈው ጥር የመኝታ ቤቷ ኮርኒስ ማንጠባጠብ ጀመረ። የጠራችው ጣሪያ ሠሪ መንገድ ላይ ቆሞ አንጋጠጠና፣ «ጣሪያሽ አልቆለታል፤ ሙሉ በሙሉ መቀየር አለበት» ብሏት ሄደ።

ዶሪንን ግን አንድ ነገር ከነከናት። ጠብታው የሚበዛው በዝናብ ቀን አይደለም፤ ሰማዩ ጠርቶ ውርጭ ባደረበት ጠዋት ነው። ከጎኗ የሚኖረውን ክሊፎርድን መሰላል እንዲይዝላት ጠራችው።

«በስድሳ ዘጠኝ ዓመትሽ ጣሪያ ልትወጪ? ድመት ነሽ እንዴ?»

«አፍህን ተውና መሰላሉን ያዝ!»

ከኮርኒሱ በላይ ገብታ ባትሪዋን ስታበራ፣ ከጣሪያው ብቅ ያሉት የሚስማር ጫፎች ሁሉ የውኃ ጠብታ አንጠልጥለዋል። እንጨቱ ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል። እየዳኸች ጣሪያው ከግድግዳው ወደሚገናኝበት ጥግ ደረሰች። ጥጉ ሙቀት እንዳያመልጥ ኮርኒስ ላይ በሚነጠፍ ወፍራም ጥጥ ጥቅጥቅ ተደርጎ ተደፍኗል። ከታች ከማብሰያው፣ ከመታጠቢያው፣ ከሚደርቀው ልብስ የሚነሳው እንፋሎት ወደዚህ ይወጣል፤ መውጫ ሲያጣ ቀዝቃዛው ሚስማር ላይ ውኃ ይሆናል። ለካ ጣሪያው አላረጀም፤ ታፍኖ ነው!

ጥጉን የደፈነው ባሏ ዊልፍ ነበር። ካረፈ ሁለት ዓመቱ ነው። ለሥራ ጎህ ሳይቀድ ስትነሳ እንዳይበርዳት ብሎ በገዛ እጁ ነው የጠቀጠቀው። ዶሪን ጥጡን ጨበጠች።

«ይቅር በለኝ፣ ዊልፍ» አለችና ሳበችው።

ቀዝቃዛ ነፋስ ፊቷን መታት።

«ክሊፎርድ! ነፋስ ገባ! ነፋስ!»

«ሰው ነፋስ እንዳይገባበት ይለፋል፣ አንቺ ገባልኝ ብለሽ ትጨፍሪያለሽ!»

ሦስት ቀን ሙሉ ሠራች። ጥጡን ኮርኒሱ ላይ እንዳለ ትታ፣ ከቤቱ ፊትና ኋላ ጥግ ብቻ ወደ ውስጥ ሰብስባ ለአየር መግቢያ አበጀችለት። ጣሪያውን ከሸፈነው ጠፍጣፋ ድንጋይ ሥር ያለው ጥቁር ሸራ በሚደራረብበት ቦታ ትንንሽ የፕላስቲክ መደገፊያዎች ሰክታ አፉን ከፈተችው። ነፋሱ በፊት በኩል ገብቶ በኋላ በኩል መውጣት ጀመረ።

ከአሥር ቀን በኋላ መንገዱ በውርጭ ነጭ ሆኖ አደረ። ዶሪን በሌሊት ልብሷ ኮርኒሱ ላይ ወጥታ ሚስማሮቹን አንድ በአንድ ዳሰሰች። ከዚያ የክሊፎርድን ግድግዳ በጡጫ ስትደበድበው እኔ ሦስት ቤት ርቄ ሰማሁ።

«ደረቅ ነው! አጥንት ነው የሚመስለው!»

ክሊፎርድ ይህን ጊዜ አልቀለደም። ከግድግዳው ማዶ፣ «የእኔም ኮርኒስ ሁለት ክረምት አንጠባጥቧል» አለ፤ «አፍሬ ነው ዝም ያልኩት።»

«አንተ ሽማግሌ! ለዚህ ነዋ መሰላሌ ሥር ሳትነቃነቅ የቆምከው! በል ልብሴን ልቀይር፣ መጣሁ!»

እስከ ፋሲካ የስድስት ቤት ጣሪያ እንዲተነፍስ አድርጋለች። ሰኞ የእኔ ተራ ነው፤ እኔም ከወዲሁ ደረጃው ላይ የከመርኩትን ኮተት እያነሳሁ ነው።